ትከሻ ከመሰበቁ በፊት
(ለጀማሪና ለአማተር ተወዛዋዦች የተደረገ ንግግር)




ስለ ውዝዋዜ ሥልጠና ጥቂት ቃል እንድናገር አዘጋጆቹ በጋበዙኝ ጊዜ በመጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ፣ ስለ እንቅስቃሴ በቃል መናገር ለተራበ ሰው ስለ ወጥ ጣዕም እንደ ማውራት ነው የሚል ነበር። ይሁን እንጂ በልምምድ አዳራሾች ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ጉዳቶች የሚበዙት፣ ተማሪው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን በጊዜው ሊነገረው የሚገባው ነገር ሳይነገረው በመቅረቱ የደረሱ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ በእኔው ጥፋት የደረሰ ስለሆነ፣ ዝም ማለቱ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። ይበልጡን የምናገረው ስለ እስክስታ ነው። ይህም ሌላው የአገራችን ውዝዋዜ የሚያንስ ሆኖ ሳይሆን፣ በአማተር ቡድኖቻችን ጀማሪው ሁሉ የሚጀምረው በእርሱ በመሆኑና እኔም ደፍሬ የማስተምረው እርሱን በመሆኑ ነው። የጉራጌውን፣ የትግራዩንና የኦሮሞውን ጭፈራ ጉዳዩ ሲያነሣው ብቻ እነካለሁ።

ከጀማሪዎች ዘወትር የሚቀርብልኝ ጥያቄ «እስክስታ በስንት ሳምንት ይለመዳል?» የሚል ነው። በገጠር ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ይስቃል፤ እርሱ መቼ እንደ ለመደ አያውቅምና። በሠርግ ቤት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ፣ እናቱ ስታጨበጭብና ስትወዛወዝ ምቱ በጀርባዋ በኩል ገብቶበታል። መራመድ ሲጀምር ከዳሱ ጥግ ቆሞ ታላላቆቹን ተመልክቷል። ከፍ ሲልም ከእኩዮቹ ጋር በጥምቀትና በቡሄ ጨፍሯል። እንግዲህ ትከሻው በሰው ፊት ከመሰበቁ አስቀድሞ፣ ጆሮው የብዙ ዓመት ትምህርት ተቀብሏል ማለት ነው። የከተማው ጀማሪ ግን ይህን ሁሉ ዘልሎ ከመጨረሻው ይጀምራል። በስልኩ ላይ ያየውን የአንድ የበሰለ ተወዛዋዥ እጅግ ፈጣን ክፍል መርጦ በመስተዋት ፊት ይኮርጃል። ፊልም መመልከት ክፉ ነው አልልም፤ እኔም እመለከታለሁ። ነገር ግን ፊልሙ ትንፋሹን አያሰማንም፤ የሰውነቱ ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈም በግልጽ አያሳየንም። ከዚህም በላይ ፊት ለፊታችን የቆመው ሰው ቀኝ ለእኛ ግራ ስለሚሆንብን፣ ብዙ ጀማሪዎች ሳያውቁት እንቅስቃሴውን ገልብጠው ይማሩታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የጆሮ ሥራ ነው። እኔ አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ የመጀመሪያውን ሳምንት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስጨበጭበዋለሁ። ችክችካ የምንለው ምት በስድስት የሚቆጠር ነው። አንድና አራት ላይ ይጠነክራል፤ በመካከላቸው ያሉት ቀለል ይላሉ። ተማሪው በመጀመሪያ ስድስቱንም እየቆጠረ ጠንካራዎቹን ብቻ ያጨበጭባል። ከዚያ እግሩን ይጨምራል፤ በመጨረሻም እያጨበጨበ አዝማቹን ይቀበላል። ይህን ሲያደርግ ጭብጨባው የሚፋለስበት ሰው ገና ለመቆም አልደረሰም። አንዳንዶች «እኛ ልንወዛወዝ እንጂ ልናጨበጭብ አልመጣንም» ብለው ያኮርፋሉ። ለእነዚህ የምነግራቸው በግዕዝ «ዘፈነ» ማለት በአካል መወዛወዝ መሆኑን ነው። ዛሬ በአማርኛችን ዘፈን የምንለው የድምፁን ሥራ ነው፤ ቃሉ ራሱ ግን ሁለቱ በአንድ ቤት ያደጉ መሆናቸውን ይመሰክራል።

ከጆሮ ቀጥሎ የሚመጣው መቆም ነው። ይህን በተመለከተ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የምንማረው አለ። (መንፈሳዊውን ሥርዓት ከዘፈን ጋር እያመሳሰልኩ እንዳልሆነ ካህናቱም እናንተም እንድትረዱልኝ እለምናለሁ፤ የማነሣው የማስተማሪያውን ዘዴ ብቻ ነው።) መቋሚያውን፣ ጸናጽሉንና ከበሮውን ከዜማው ጋር የሚያዋሕደው ትምህርት «አቋቋም» ይባላል። ስለ እንቅስቃሴ የሚያስተምር ጉባኤ ስሙን ያገኘው ከመቆም መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የአቋቋም ተማሪ፣ ጎንደር በአታ ሄዶ ቢሆን ወይም በሌላ ደብር፣ በአንድ ጊዜ ወደ ፈጣኑ አይገባም። ቁም ይላል፤ ከዚያ ዝማሜ፣ ከዚያ መረግድ፣ ከዚያ ጽፋት እያለ ይሄዳል። ዜማው ያው ሆኖ ሳለ አካሉ ቀስ በቀስ እየፈጠነ ይከተለዋል። ለዚህም ዓመታትን ይቆያል። የእኛ አማተር ግን በሦስት ሳምንት መድረክ ላይ ካልወጣ የተበደለ ይመስለዋል።

አቋቋሙ እንዲህ ነው። እግሮች በዳሌ ስፋት ልክ ይራራቃሉ፤ ጉልበት አይገተርም፣ አይታጠፍምም፤ ላላ ይላል። ክብደታችን በተረከዝ ላይ ብቻ ወይም በጣቶች ላይ ብቻ ሳይሆን በውስጥ እግራችን መካከል ያርፋል። ዐይን ወደ ሩቅ ይመለከታል እንጂ ወደ ወለል አይወርድም። እጅ ወገብ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ያርፋል እንጂ አይጨብጥም። ጀማሪ ሁሉ ወገቡን ሌባ እንደ ያዘ ሰው ጨምድዶ ስለሚይዝ፣ ክንዱ ይገተርና ትከሻው እስከ ጆሮው ድረስ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እንዲሰበቅ ቢታዘዝ ከየት ያመጣዋል? እጃችሁ ላልቶ ክርናችሁ ሲነኩት የሚወዛወዝ ከሆነ ዝግጁ ናችሁ።

አሁን ወደ ትከሻው እንምጣ። እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ይፈቀድልኝ።

ትከሻ የምንለው ክንዳችን የተሰካበትን ጫፍ ብቻ አይደለም። የእስክስታ ሞተሩ ያለው በጀርባችን ላይኛው ክፍል ግራና ቀኝ በተቀመጡት ሁለት ሰፋፊ ጠፍጣፋ አጥንቶች ላይ ነው። እነዚህ አጥንቶች ከጎድን አጥንቶቻችን ጋር በመገጣጠሚያ አልተያያዙም፤ በጡንቻ መካከል ተንጠልጥለው ይንሸራተታሉ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይህን ያህል ነፃነት ያላቸውም ስለዚህ ነው። ጀማሪው ይህን ስለማያውቅ ክንዱን ያራግባል፤ ወይም ደረቱን በሙሉ ግራና ቀኝ ያጣምማል። ከሩቅ ሲታይ እስክስታ ይመስላል፤ ከቅርብ ሲታይ ግን ትንኝ የሚያባርር ሰው ነው።

መለማመጃው ቀላል ነው። ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ሁለቱ አጥንቶች ግድግዳውን እስኪነኩ ተጠግታችሁ ቁሙ። በአራት ቁጥር ወደ ላይ አንሸራቱ፤ በአራት ቁጥር ወደ ታች መልሱ። ከዚያም ከግድግዳው አላቃችሁ ወደ ፊት ውሰዱ፤ ደግሞም ወደ ኋላ መልሳችሁ ግድግዳውን አስነኩ። ይህ በሁለቱም ሲለመድ አንዱን ብቻ አንቀሳቅሱ፤ ሌላው እንደ ተኛ ይቆይ። ብዙው ሰው ቀኝ እጁ ስለሚቀናው ቀኝ ትከሻውም ይቀልለዋል፤ በዚህ ምክንያት እኔ ሁልጊዜ በግራ አስጀምራለሁ። ባልደረባችሁ መዳፉን በክንዳችሁ ላይ ያኑር፤ ክንዱ ራሱ የሚሠራ ከሆነ ወዲያው ያውቃል። ነጠላ አጥፋችሁ በራሳችሁ ላይ ብታስቀምጡ ደግሞ፣ ሲወድቅ አንገታችሁ ትከሻውን ለማገዝ እንደ መጣ ትረዳላችሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ምቱ የሚገባው። በጠንካራው ምት ላይ ትከሻ ይወድቃል እንጂ አይነሣም፤ መነሣቱ ዝግጅት ነው። ትንፋሽም አብሮ ይወጣል። ተወዛዋዦች ፊት ለፊት ሲገጥሙ በጥርሳቸው መካከል «እስ! እስ!» የሚያሰኙት ለማስዋብ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የሳንባ ሥራ ነው እላለሁ፤ ትንፋሹን አምቆ የያዘ ሰው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ትከሻው እንደ እንጨት ይደርቅበታል። ፈጣኑ መንዘፍዘፍ፣ ያ ሁሉም የሚጓጓለት፣ በኃይል አይመጣም። በኃይል የፈጠነ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ ላልቶ የፈጠነ ትከሻ ይረግፋል። ልዩነቱን በቃል ማስረዳት አልችልም፤ ነገር ግን አንድ ቀን ከአዝማሪ ቤት ገብታችሁ እስክስታ የሚወርዱ ሽማግሌ ብታዩ፣ ከእናንተ ያነሰ ጉልበት አውጥተው ከእናንተ ሁለት እጥፍ እንደሚፈጥኑ ታያላችሁ።

ስለ አንገት በአጭሩ። አንገትን ወደ ኋላ አሽቀንጥሮ መጣል በመድረክ ጭብጨባ ያስገኛል፤ ለጀማሪ ግን ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው። አንገት ወደ ጎንና ወደ ፊት በትንሹ ይሂድ፤ ማጅራቱ ረዥም ሆኖ ይቆይ። ራስ ማዞር ወይም በክንድና በጣቶች ላይ መደንዘዝ ከተሰማችሁ ልምምዱን አቁማችሁ ሐኪም አማክሩ። ከባድ ድሪም በልምምድ የመጀመሪያ ወራት አያስፈልግም። መቀነትን ግን ቀደም ብሎ መልመድ ይጠቅማል። በልምምድ ልብስ ብቻ ስትሠራ የከረመች ልጅ፣ በዝግጅቱ ዕለት መቀነቷን ጥብቅ አድርጋ ስትታጠቅ ትንፋሽ ያጥራታል።

ወደ እግር ስወርድ፣ የገባሁበትን ዕዳ መክፈል አለብኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ የአማተር ቡድን ሳሠለጥን የጉራጌ ጭፈራ ለበዓል እናዘጋጅ ነበር። የጉራጌ ጭፈራ ፈጣን ዝላይና ጭብጨባ የሚፈልግ፣ እግርንም ሳንባንም የሚፈትን መሆኑን ታውቃላችሁ። የተሰጠን አዳራሽ ወለሉ ሲሚንቶ ነበር። በዓሉ ስለ ደረሰ ልምምዱን በሳምንት ከሁለት ቀን ወደ ስድስት ቀን አሳደግሁት። ከልጆቹ ሁሉ ብርቱ የነበረችው አንዲት ተማሪ መጥታ «ጋሼ፣ ቅልጥሜን ያመኛል» አለችኝ። እኔም «አይዞሽ፣ እስኪለምድ ነው» አልኋት። ከሳምንት በኋላ ደግማ ነገረችኝ፤ ሌሊትም እንደሚያማት፣ ሕመሙም በአንድ ጣት በሚነካ ቦታ ላይ እንደሆነ ገለጸችልኝ። እኔ ግን አሁንም «ጨርቅ እሰሪበትና ቀጥዪ» አልኋት። በዓሉ ዋዜማ ላይ ስትዘልል ወደቀች፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ኖሯል። አጥንቱ ዳነ፤ እርሷ ግን ወደ ውዝዋዜ አልተመለሰችም። በኋላ በመንገድ ሳገኛት በአክብሮት ሰላም ትለኛለች፤ ስለዚያ ጉዳይ አንሥታ አታውቅም፤ እኔም እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

ያን ጊዜ ባለማወቄ ያልነገርኋትን ለእናንተ ልንገራችሁ። የቅልጥም ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። በውስጥ በኩል በረዥሙ የሚሰማ፣ ሰውነት ሲሞቅ የሚቀንስ ሕመም ከመጠን በላይ የመሥራት ምልክት ነው፤ ዝላይ ቀንሶ፣ ጫማና ወለል አስተካክሎ በዕረፍት ይታገሡታል። በአንድ ቦታ ላይ በጣት ሲነካ የሚያም፣ ዐርፈውም የማይለቅ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይም ስለሚችል፣ «ራጁ ደኅና ነው» ተብሎ መዝለል መቀጠል አይገባም። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕረፍት ይጠይቃል። መንሥኤውም በአንድ ጊዜ ብዙ መጨመር ነው። አጥንት ሥራ ሲበዛበት ይጠነክራል፤ ነገር ግን የሚጠነክረው በዕረፍቱ ጊዜ ነው። እኔ ከሁለት ቀን ወደ ስድስት ቀን ስዘልል ያንን ጊዜ ነፈግኋት።

ወለሉንም አንርሳ። «አባቶቻችን በባዶ እግራቸው ጨፍረዋል» እየተባለ በሲሚንቶና በሸክላ ንጣፍ ላይ በባዶ እግር የሚሠራ ቡድን አይቻለሁ። አባቶቻችን የጨፈሩት በአፈርና በሣር ላይ ነው፤ አፈር የዘላዩን ክብደት ይቀበላል፣ ሲሚንቶ ግን መልሶ ለጉልበት ይሰጣል። የጣውላ ወለል ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ካላገኛችሁ ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ አድርጉ፤ ዝላዩንም ቀንሱ። ስታርፉ በጣቶቻችሁ ጀምራችሁ ወደ ተረከዝ ውረዱ፤ ጉልበታችሁም በእግር ጣቶቻችሁ አቅጣጫ ይታጠፍ እንጂ ወደ ውስጥ አይውደቅ። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው መስተዋት ጆሮ ነው፤ ስታርፉ ወለሉ የሚጮኽ ከሆነ ጉልበታችሁ እየተመታ ነው።

ከልምምድ በፊት ሰውነት ማሟሟቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። በዝግታ መራመድ፣ ሶምሶማ፣ የትከሻና የዳሌ ክብ እንቅስቃሴ፣ በዝግታ ምት የሚሠራ እስክስታ ይበቃል። ድሮ እኛ ገና ሳንሞቅ እግራችንን ዘርግተን ጡንቻችንን ለረዥም ጊዜ ስበን እንይዝ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ይህ ከዝላይ በፊት ሲደረግ የጡንቻን ኃይል ለጊዜው ይቀንሳል፤ ቦታው ከልምምድ በኋላ ነው። ለጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመካከሉ የዕረፍት ቀን እያደረጉ፣ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መሥራት በቂ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ከቆላ አገር የመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ቢያጥረው ስንፍና አይባልበትም።

ጾምን በተመለከተ አሠልጣኞች በግልጽ መናገር እንፈራለን። የሚጾም ሰው ይጹም፤ የእኛ ድርሻ የልምምዱን ሰዓት ከሕይወቱ ጋር ማስማማት ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውን ልጅ በስምንት ሰዓት ከማስዘለል፣ ከበላ በኋላ ወደ ማታ ማድረጉ ይሻላል። በረመዳንም እንዲሁ ከፍጥር በኋላ ማድረግ ይቻላል። ለመቅጠን ብላ ምግብ የምትቀንስ ተወዛዋዥ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ብዙ እየሠራች ጥቂት የምትበላ ወጣት የወር አበባዋ ሊቀር ይችላል፤ ይህም አጥንቷ እየሳሳ የመሄዱ ማስጠንቀቂያ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለወንድ አሠልጣኝ መንገር ስለሚያሳፍር፣ በየቡድኑ ሴቶቹ የሚያማክሯት አንዲት ታላቅ ሴት ብትኖር መልካም ነው።

ጥቂት ደግሞ ስለ መድረክ። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረትና የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በዳስና በሜዳ የነበረው ጭፈራ ቀስ በቀስ ወደ መድረክ ወጣ። በ1980 ዓ.ም. በውጭ አገር የታየው «ሕዝብ ለሕዝብ» ዝግጅትም ይህን የመድረክ መልክ በብዙ ሰው ዐይን አተመው። በዳስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይመልሳል፤ የትግራይ ጨፋሪዎችም ክብ ሠርተው ከበሮውን እየተከተሉ ይዞራሉ። በመድረክ ግን ሁሉም ወደ ተመልካች ዞሮ በመስመር አንድ ዓይነት ይሠራል። ይህን ለውጥ እንደ ጥፋት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም፤ መድረክ የራሱ ሕግ አለው። ቅር የሚለኝ ጀማሪው መድረኩን ብቻ አይቶ ሲቀር ነው። ጎጃሜው፣ ጎንደሬው፣ ወሎዬውና ሸዌው እስክስታን በየራሱ ለዛ ይወርደዋል፤ በመስመር ከተሰለፈ ቡድን ይህን ለዛ መለየት አስቸጋሪ ነው። የሃንጋሪው ተመራማሪ ቲቦር ቫዳሲ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1973 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባሳተማቸው ጽሑፎች የየአካባቢውን ውዝዋዜ ለየብቻ መግለጹ ለእኛ ትምህርት ነው። እርሱ ከባሕር ማዶ መጥቶ ያደረገውን፣ እናንተ አያታችሁን በመጠየቅ መጀመር ትችላላችሁ። «እማማ፣ በእርስዎ አገር ሙሽራ ሲሸኝ እንዴት ይጨፈር ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ በትከሻቸው ብቻ የሚያሳዩአችሁን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ለልምምዳችሁም በወር አንድ ጊዜ መስመሩን አፍርሳችሁ፣ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ፊት ለፊት ግጠሙ። ባልደረባው የጠየቀውን በትከሻው መመለስ ያልቻለ ሰው ሥራውን በቃል ብቻ እንደ ሸመደደ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ብዙ ተናገርሁ፤ ከበሮ መቺያችንም ትዕግሥቱ እያለቀ እንደሆነ ከፊቱ አያለሁ። እንግዲህ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው እናስጠጋ። ጫማችሁን አታውልቁ፤ የዚህም አዳራሽ ወለል ሲሚንቶ ነው። በግራ ትከሻ እንጀምራለን፤ በአራት ቁጥር ወደ ላይ፣ በአራት ወደ ታች፣ በዝግታ።